ከወርቁ በላይ

ሐብሉ በማታውቀው ሰው ወጥ ቤት፣ ጠርዙ በተተለተለ ሰማያዊ ፎጣ ላይ ተጋድሟል። መነጽር ሠሪዋ የምታየው ግን ከራሷ ሱቅ፣ ከሥራ ጠረጴዛዋ ፊት ተቀምጣ ነው፤ ስልኳን ብሎናቸው ባልገባ ሁለት ፍሬሞች መካከል አስደግፋ። ፎቶውን በጣቶቿ እየለጠጠች፣ እንደ ገብስ ፍሬ ሾጠጥ ሾጠጥ ያሉትን ወርቆች አንድ በአንድ አልፋ መቆለፊያው ላይ ስትደርስ ትቆማለች። ሰሞኑን ይሄንኑ ስታደርግ ነው የከረመችው። ዛሬ ግን ጨረታው ከሰዓት በኋላ የሚዘጋበት ቀን ስለሆነ ዓይኗም እጇም ከስልኩ አልላቀቅ ብለዋል።

መልእክቱ የገባው እንዲህ እንዳለች ነው።

«እህቴ፣ የሐብሉ ሻጭ ልጅ ነኝ። እናቴ የስልክ ነገር ስለማይሆንላት እኔ ነኝ የምጨርስላት። አጫራቾቹ ከሽያጩ ላይ ብዙ ስለሚቆርጡብን ለአንቺ በቅናሽ ልንሰጥሽ ተስማምተናል። ሌላ ገዢ እየወተወተን ስለሆነ ግማሹን እስከ ምሳ ሰዓት በዚህ ሒሳብ ቁጥር አስገቢና ከጨረታው ላይ እናነሳዋለን።»

ከሥሩ የዚያው ሐብል ፎቶ፣ ከነሰማያዊ ፎጣው፣ ተያይዟል።

እውነቱ ይነገር ከተባለ መጀመሪያ የተሰማት ጥርጣሬ አልነበረም፤ ደስታ ነው። ጨረታ የለ፣ ተፎካካሪ የለ፣ እስከ ከሰዓት ልብን አንጠልጥሎ መጠበቅ የለ። አንድ ጊዜ ጣትን መጫን ብቻ። እንዲያውም ጣቷ የባንኩን ምልክት ነክቶ ነበር፤ ገጹ እስኪከፈት በፈጀው አፍታ ነው ራሷን የታዘበችው።

ይቺ ሴት በቤተሰቡ ዘንድ ስሟ «ጠርጣራዋ» ነው። ሎሚ ስትገዛ አንድ በአንድ አገላብጣ ነው፤ የታክሲ መልሷን ሳትቆጥር ወደ ቦርሳዋ አትከትም፤ በር ቆልፋ ከወጣች በኋላ ተመልሳ እጀታውን ካልጎተተች እንቅልፍ የላትም። ዓምና ታናሽ ወንድሟ ፊቱን ካላየው ሰው በስልክ የእጮኛ ቀለበት ገዝቶ፣ የልጅቷ ጣት በሳምንቱ አረንጓዴ ሲሆን ቤተሰቡ በሙሉ ሳቀ፤ እሷ ብቻ አልሳቀችም። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» አለችው። ወንድሟም ነገሩን ቀልድ አደረገውና እስከ ዛሬ «እጮኛዬ ወርቅ ብትለኝ ቅጠል አበቀልኩላት» እያለ ያወራል።

እንዲህ ያለችዋ ሴት ናት እንግዲህ ዛሬ ጣቷ ቀድሟት የሄደው። ምክንያት ነበራት።

አባቷ ዕድሜያቸውን ሙሉ ወርቅ ሠሪ ነበሩ። በግራ እጃቸው ስለሚሠሩ ሰፈሩ «ግራኙ» ይላቸዋል። ስንት ሙሽራ ድረዋል፣ ስንት አራስ ጠይቀዋል፣ ሁሉንም በወርቅ። ቤታቸው ውስጥ ግን የእጃቸው ሥራ የሆነ አንዲት ጉትቻ እንኳ የለም። ሸክላ ሠሪ በገል ይበላል እንዲሉ፣ እናቷም ጆሮዋ ባዶውን ኖሮ ባዶውን ተቀበረ። የወርቅ ነገር ደግሞ ክፉ ነው፤ ፋሽን በተለወጠ ቁጥር ባለቤቱ ይዞት ይመጣል። «ይሄ የእናቴ ነው፤ አቅልጡትና በአዲስ ሞዴል ሥሩልኝ» ይላል። አባቷም የገዛ ሥራቸውን በገዛ እጃቸው ማቅለጫው ውስጥ ሲከቱ ኖረዋል። የተረፈውን ሌሎች አቀለጡላቸው። እጃቸው መንቀጥቀጥ ጀምሮ ሥራ ካቆሙ ወዲህ አንድ ቀን ከምሳ በኋላ፣ ማንም ምንም ሳይጠይቃቸው፣ «ግንበኛ ቢሆን ግንቡን ያሳያል። እኔ ምን አሳያለሁ?» አሉ። እሷ ተነሥታ ሳህኖቹን አነሳች። ነገሩ ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ ውስጧ ተቀምጦ ቀረ።

ሐብሉን ያየችው ለወንድሟ እውነተኛ ቀለበት ስትፈልግለት ነው። አልፋው ሄዳ ነበር፤ መለሳት መቆለፊያው። በሌላው ሐብል ላይ መቆለፊያውን የምታስከፍተው ትንሽ ምላስ ለቀኝ አውራ ጣት እንድትመች ሆና ነው የምትወጣው። አባቷ ግን በወጣትነታቸው፣ ሁሉን ነገር በራሳቸው እጅ እየለኩ ሲሠሩ፣ ሳያስቡት ምላሷን ለግራ አውራ ጣት አወጧት። ደንበኞች አጉረመረሙ። እሳቸውም ተሳስቻለሁ ማለት ሞት ስለሚመስላቸው «ትለምጂዋለሽ» እያሉ ስህተታቸውን የእጃቸው ልማድ አደረጉት። በጨረታው ገጽ ላይ ሻጯ «መቆለፊያው ትንሽ ያስቸግራል» ብላ ጽፋለች። መነጽር ሠሪዋ ይሄን ስታነብ ሱቁ ውስጥ ብቻዋን ሳቀች፤ ከዚያ ደግሞ ዓይኗን ጠረገች።

ያን ዕለት የመጀመሪያ ሥራዋ ዋጋ መስጠት አልነበረም፤ ሻጯን መፈተን ነው። ከዚህ ቀደም ከሴትየዋ የገዙ ሰዎች የጻፉትን ሁሉ፣ ያመሰገኗትንም የወቀሷትንም፣ ቁጭ ብላ አነበበች። በጨረታው ገጽ በኩል ደወለችና የዕለቱ ቀን በወረቀት ተጽፎ ከጎኑ የተቀመጠበት አዲስ ፎቶ ጠየቀች። ቀጥላም ሚዛን ላይ ሲወጣ በቪዲዮ ልየው አለች። ሻጯ ሆስፒታል ውስጥ የምትሠራ አዋላጅ ናት፤ ድምፅዋ ሰው ማዘዝ የለመደ ነው፤ ግን አልተቆጣችም።

«ጠይቂ የኔ እህት፣ ጠይቂ» አለቻት። «ሳይጠይቅ የሚገዛ ነው በኋላ የሚያስቸግረኝ።»

ሐብሉ የሟች አማቷ ነው። መቆለፊያውን እንድትከፍተው ስትጠይቃት አዋላጇ ካሜራው ፊት ታገለች፤ በቀኟ ሞከረች፣ ሐብሉን ገለበጠች፣ በመጨረሻ በግራዋ ስትጫነው ተከፈተ።

«አማቴ ሁልጊዜ በግራዋ ነበር የምትከፍተው» አለች። «መብላቱንም መጻፉንም በቀኟ ነው፤ ለዚህ ሐብል ብቻ ግራኝ ትሆናለች እያልን ስንስቅባት ኖርን። ለካ ዕቃው ኖሯል።»

መነጽር ሠሪዋ የአባቷን ነገር አላነሳችላትም። ሻጭ ገዢ መጓጓቱን ካወቀ ዋጋ ይንራል፤ ይሄን ለማወቅ ነጋዴ መሆን አያስፈልግም። ብቻ ካሸነፈች ሐብሉን የሚረካከቡት መፈተኛ ድንጋይ ባለው ወርቅ ቤት ውስጥ እንዲሆን፣ ገንዘቡም ወርቁ ተፈትኖ እስኪያልቅ አጫራቾቹ ዘንድ እንዲቆይ ተስማሙና ተሰነባበቱ።

አሁን የሻጯ ልጅ ነኝ ባዩን መልእክት እንደገና አነበበች። አዋላጇ ጋ ደወለች፤ አይነሳም፤ ምጥ ላይ ናት ማለት ነው፣ የሰው ምጥ። ምሳ ሰዓት እየደረሰ ነው። እውነት ልጇ ቢሆንስ? እሷ ስትጠረጥር ሌላው ወስዶት ቢሄድስ? እንዲህ እያለች ከራሷ ጋር ስትከራከር ቆየችና አንዲት ጥያቄ ጻፈችለት።

«መቆለፊያው በየትኛው እጅ ነው የሚከፈተው?»

መልሱ ወዲያው መጣ። «ያው እንደማንኛውም ሐብል በቀኝ ነዋ እህቴ። ይልቅ ሰዓቱ እየሄደብሽ ነው።»

ወንበሯ ላይ ተደግፋ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰች። ከዚያ መልእክቱን ከነሒሳብ ቁጥሩ ለአጫራቾቹ አስተላለፈችና ሰውየውን ከስልኳ ዘጋችው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እሷ ለጥቂት ነው ያላፈሰሰችው፣ ብታፈስም መልሳ የምትለቅመው አልነበረም። አባቷ ተሳስተው የሠሯት ያቺ ምላስ ቁጠባዋን አተረፈቻት፤ ይሄን ስታስብ ደስ አላት፤ እውነቱን ለመናገር ኮራችም።

ወደ ቤት ስትሄድ መንገድ ላይ አዋላጇ መልሳ ደወለችላት።

«ወንድ ልጅ?» አለች ነገሩን ስትሰማ። «እኔ ያሉኝ ሁለት ሴቶች ናቸው። የሰው ወንድ ልጅ ግን ስቀበል ነው የምውለው፤ ከእነሱ አንዱ ይሆናላ።»

ቀልዱ አስቋት ነበር፤ ሳቋ ግን የጨረታውን ገጽ ስትከፍት ቆመ። እስካሁን እየመራ ያለው ተጫራች ራሱን «ምድጃ» ብሎ የሚጠራ ነው። ማን እንደሆነ ለማወቅ የስሙን ገጽ ከፍታ አይታለች፤ «አሮጌ ወርቅ በግራም እንገዛለን» ይላል። የገዛቸው ነገሮች ዝርዝር ታች ድረስ ይወርዳል፤ የአንገት፣ የእጅ፣ የጆሮ፣ ሁሉም። አንዱንም መልሶ ለሽያጭ አላቀረበውም። ምድጃ ስሙን ያወጣው ለጌጥ አይደለም። ሐብሉ ለእሱ ከወጣ በሳምንቱ የወርቅ ጥፍጥፍ ይሆናል፤ የአባቷም ነገር በዚሁ ያበቃል።

የዋጋ ጣሪያዋን ግን ጠዋት ወስናለች። ለአዲስ የሌንስ መሞረጃ ማሽን ያጠራቀመችው ገንዘብ አለ፤ ከዚያ በላይ አንዲት ሳንቲም አትጨምርም። ለወንድሟም በስልክ ነግራዋለች፤ የጨረታ ሙቀት ሰው እንደሚያሳብድ ስለምታውቅ፣ ምስክር ይኑርብኝ ብላ ነው።

አባቷ በረንዳው ላይ፣ ሁለት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አቆላልፈው ተቀምጠዋል። መንቀጥቀጡ እንዳይታይባቸው እንዲህ ይቀመጣሉ። እሷ ሐሳቧ ሐብሉን እጇ ካስገባች በኋላ እንጂ ከዚያ በፊት ላትነግራቸው ነበር፤ ተስፋ ሰጥቶ መንሳት ከመከልከል ይብሳል። አንድ ነገር ግን ማወቅ ነበረባት፤ ምድጃ እስከ የት እንደሚሄድ። ስለዚህ ዙሪያ ጥምጥም ሄደች።

«አባባ፣ ፍሬው ውስጡ ባዶ የሆነ ሐብል ቢቀልጥ ከሚዛኑ ምን ያህል ይጎድላል?»

«ለምን ጠየቅሽ?»

«እንዲሁ ነው።»

«እንዲሁ የሚባል ጥያቄ ካንቺ አፍ ወጥቶ አያውቅም» አሉ አባቷ። «ማን ነው ሐብል ሊያቀልጥ ያሰበው?»

መዋሸት አልቻለችበትም። ስልኩን አወጣችና ፊታቸው ያዘችላቸው።

አባቷ መጀመሪያ ራቅ አድርገው፣ ቀጥሎ ቀረብ አድርገው አዩት። ከዚያ ተነሥተው ገቡና የጥንቱን አጉሊ መነጽራቸውን ይዘው ተመለሱ። በስልኩ ላይ ደቅነው ሲያዩበት ነጠብጣብ ብቻ ሆነባቸው፤ ተበሳጩ። እሷ ፎቶውን በጣቷ ለጠጠችላቸው። «ወደ ግራ» አሉ። ወደ ግራ ወሰደችላቸው። «ቀስ በይ» አሉ። ቀስ አለች። ፍሬዎቹ አንድ በአንድ በዓይናቸው ፊት አለፉ፤ ቀላ ያለው፣ ነጣ ያለው፣ እንደገና ቀላ ያለው።

«ባለትኬቷ» አሉ በመጨረሻ።

«ማናት እሷ?»

«አውቶቡስ ላይ ትኬት የምትቆርጥ ሴት ነበረች። ወርቁን በአንድ ጊዜ አላመጣችውም። ደሞዝ ስትቀበል ትንሽ ነገር ይዛ ትመጣለች፤ አንድ ቀን የተሰበረ ጉትቻ፣ አንድ ቀን የቀለበት ቁራጭ። እኔም ባመጣችው ልክ አንዲት ፍሬ ሠርቼላት ትሄዳለች፤ እንደገና ትመጣለች። ቀለሙ የተለያየው ለዚህ ነው። ሲያልቅ አንድ ላይ አቅልጬ ላመሳስልልሽ ብላት፣ ተወው፣ የትኛዋን መቼ እንዳመጣሁ እያየሁ ልኑር አለችኝ።» ወደ ስልኩ ጠጋ አሉ። «እኔ ደግሞ ያኔ ጎበዝ ነበርኩ። እዪው ብየዳውን። የት ጋ እንደተበየደ ታውቂያለሽ?»

«አይታይም።»

«አይታይም» አሉ አባቷ፣ እንደገና በራሳቸው አፍ ሊሰሙት ፈልገው።

እንዲህ ቀና ብለው ካየቻቸው ቆይታለች። ሁሉንም ነገረቻቸው፤ ጨረታውን፣ አዋላጇን፣ የውሸቱን ልጅ፣ ምድጃን። አባቷ ምድጃን ሲሰሙ ፊታቸው ጠቆረ። ያልገባቸው ግን ሌላ ነገር ነው።

«ካላየሽው ሰው? ካልነካሽው ዕቃ?»

እሷም እንዴት አድርጋ እንደፈተነች አንድ በአንድ ዘረዘረችላቸው። ቀን የተጻፈበትን ፎቶ፣ ሚዛኑን፣ የገዢዎቹን ወቀሳ፣ ወርቅ ቤት ውስጥ ለመረካከብ የገቡትን ውል፣ ገንዘቡ የሚቆይበትን ቦታ። አባቷ ዓይናቸውን ሳይነቅሉ ሰሟት። ደንበኛ ያመጣውን ወርቅ ሳይፈትኑ ተቀብለው የማያውቁ ሰው ናቸው፤ ወንድማቸው ያመጣውንም ድንጋዩ ላይ ሳያሹ አልተቀበሉም ይባላል።

«ጎሽ» አሉ።

አባቷ «ጎሽ» የሚሉ ሰው አይደሉም። ትምህርት ቤት አንደኛ ስትወጣ እንኳ «ሁለተኛዋ ታማ ነበር እንዴ?» ነው ያሏት። መነጽር ሠሪዋ በዚህ ዕድሜዋ ልጅ ሆና ፊቷ ጋለ።

«በይ ሚዛኑ ያሳየውን ንገሪኝ» አሉ አባቷ። ነገረቻቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ አሰቡ። «ብየዳው ይቀነሳል። በፍሬዎቹ ሆድ ያለው አቧራ ይቀነሳል። እሳት የሚበላው አለ። ለሰውየውም እንጀራ ነው፣ ትርፉን ይቀንሳል።» ዓይናቸውን ገለጡና አንድ ዋጋ ነገሯት። «ምድጃ እዚህ ላይ ይቆማል። ከዚህ በላይ አንድ እርምጃ ከሄደ ወይ ወርቅ አያውቅም፣ ወይ አብዷል።»

ጨረታው ሊዘጋ ሲቃረብ ሁለቱም በረንዳው ላይ አንድ ስልክ ላይ ጎንበስ ብለው ነበር። ምድጃ ጨመረ። እሷ ጨመረች። ምድጃ እንደገና ጨመረ፤ ሳይቸኩል፣ ሥራው እንደሆነ ሰው። አባቷ በእያንዳንዱ ጭማሪ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፤ «ገና ነው» ይላሉ። ዋጋው እሳቸው ከጠሩት ቁጥር አንድ እርምጃ ሲቀረው ምድጃ አንድ ጊዜ ጨመረ። እሷ ያቺን ቁጥር አለፈቻት። ከዚያ ምንም የለም። ገጹን አደሰችው፤ ምንም የለም። ምድጃ ቆሟል።

«አላልኩሽም?» አሉ አባቷ። ፈገግታቸውን ለመደበቅ አልሞከሩም።

የቀረው ትንሽ ጊዜ ነው፤ ሐብሉ የእሷ ሊሆን ነው፤ ነገ አንገቷ ላይ አድርጋ አባቷ ፊት ትቆማለች። ወዲያው ስልኩ ጮኸ። እስካሁን ድምፁን ያልሰሙት ሌላ ተጫራች ከእሷ በላይ ዋጋ ሰጥቷል። ስሙ «ሁለተኛ ፎቅ» ይላል።

«ይሄ ደግሞ ማን ነው?» አሉ አባቷ።

ከፍታ አየች። ሰውየው፣ ወይም ሴትየዋ፣ ከዚህ ቀደም የገዛችው ጥቂት ነገር ነው፤ አንድ ጥንድ ጉትቻ፣ አንድ የፀጉር ማስያዣ፣ አንድ የተሰነጠቀ የአንገት መስቀል። ለሻጮቹ የጻፈችላቸውም አለ። «ትናንት ለእህቴ ሠርግ አደረግሁት፤ አመሰግናለሁ» ይላል አንዱ።

«ታደርገዋለች» አሉ አባቷ ሲነበብላቸው።

መነጽር ሠሪዋ ጨመረች። ሁለተኛ ፎቅ ጨመረች። እንደ ምድጃ አልነበረችም፤ ትዘገያለች፣ ሐሳቧን የቀየረች ይመስላል፣ ከዚያ ትመጣለች። የዘገየችው ኪሷን እያየች እንደሆነ መነጽር ሠሪዋ አወቀች፤ እሷም እንደዚያው ስለሆነች። ዋጋው ከወርቁ ላይ ርቆ ሄደ። አባቷ መጀመሪያ ራሳቸውን መነቅነቅ ተዉ። ቀጥሎ ጉልበታቸው ላይ የተቆላለፉት እጆቻቸው ተፈቱ።

«ይሄ ሁሉ ለምንድን ነው?» አሉ።

«ለሐብሉ ነዋ አባባ።»

«የወርቁ ዋጋማ እዚያ ታች ቀረ። ምድጃ የቆመበት ቦታ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ያለው የምንድን ነው?»

መልሱን ያውቁታል፤ እሷ እንድትናገረው ነው የፈለጉት።

«የእጅዎ ነው» አለቻቸው።

አባቷ ተነፈሱ። ዕድሜያቸውን ሙሉ የእጅ ዋጋ ሲቀበሉ ጥቂት ነበር፤ ደንበኛ ሁሉ በወርቁ አይከራከርም፣ በእጁ ዋጋ ነው የሚከራከረው። «ይሄን ለመሥራት ይሄን ያህል?» ያላላቸው የለም። አሁን አንዲት ስማቸውን የማታውቅ ሴት፣ የት እንዳለ በማያውቁት ፎቅ ላይ ተቀምጣ፣ ማንም ሳይከራከራት በራሷ ፈቃድ እየጨመረች ነው።

ስልኩ እንደገና ጮኸ። መነጽር ሠሪዋ ጣሪያዋ ላይ ደርሳለች። አንድ እርምጃ እንኳ ከጨመረች ማሽኑ ብቻ ሳይሆን የሱቁ ኪራይ ይነካል። ጠዋት ለወንድሟ የሰጠችው ቃል ትዝ አላት፤ ትዝ ያላትን ገፋችውና ጣቷን ወደ ስልኩ ሰደደች። የአባቷ ግራ እጅ መጥቶ እጇ ላይ አረፈ። ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ለመደበቅ ግን አልሞከሩም።

«ተይ» አሉ።

«አባባ፣ የእርስዎ ነው። ሌላ የለንም።»

«አውቃለሁ።»

«አንድ ጊዜ ብቻ ልጨምር። ደክሟታል፣ ትቆማለች።»

«እንድትቆምማ አልፈልግም» አሉ አባቷ። «እኛ ብንገዛው ምን እናደርገዋለን? አንቺ በዓመት አንዴ ታደርጊዋለሽ፤ ሌላውን ጊዜ ሌባ ይወስደዋል ብለሽ መሳቢያ ውስጥ ትቆልፊበታለሽ። አውቅሻለሁ። እኔ ለመሳቢያ ሠርቼ አላውቅም። ሰውዬው እንዳያቀልጠው ነበር የፈራሁት፤ በዚህ ዋጋ የሚገዛ ሰው ደግሞ አያቀልጥም።»

እሷ ልትከራከር አፏን ከፈተች። ከዚያ የአባቷን ፊት አየች። ያ ከምሳ በኋላ ሳህን ያስነሣት ፊት አልነበረም። ስልኩን ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። ጊዜው አለቀ። ገጹ ላይ «ተሸጧል» የሚል ጽሑፍ መጣ፤ ከሥሩም «ሁለተኛ ፎቅ» ይላል።

አለቀሰች። በመሸነፏ ተናዳለች፣ ሐብሉ አምልጧታል፣ አባቷ ደግሞ ከጎኗ ደረታቸውን ነፍተው ተቀምጠዋል፤ የትኛው እንዳስለቀሳት ለይታ አታውቅም።

ጥቂት ቆይቶ የጨረታው ገጽ ላይ፣ ተጫራቾች ሁሉ በሚያዩት በጥያቄ መጻፊያው ቦታ፣ አሸናፊዋ ጻፈች። መነጽር ሠሪዋ ጮክ ብላ አነበበችው።

«እንኳን ለእኔ ሆነ። አንድ ነገር ብትነግሪኝ ደስ ይለኛል፤ ይሄን የሠራው ሰው ማን ነው? እያንዳንዷን ፍሬ ለብቻዋ አስቦባታል።»

አዋላጇም ወዲያው መለሰች። «አላውቅም የኔ እህት፣ የምታውቀው አማቴ ነበረች። የሚያውቅ ካለ ይጻፍልን።»

አባትና ልጅ ተያዩ። መነጽር ሠሪዋ ስሟን እንኳ ለማታውቀው ሰው የማትናገር ሴት ናት፤ አሁን ደግሞ ማንም አላፊ አግዳሚ በሚያነበው ገጽ ላይ የአባቷን ስም መጻፍ? ሰው ስም ይዞ ምን እንደሚያደርግበት ማን ያውቃል። ይሄንኑ ልትነግራቸው ስትል አባቷ ከወንበራቸው ተነሥተው ወደ ውስጥ ገቡ።

ሲመለሱ ኮት ለብሰዋል። ፊታቸውንም ታጥበዋል፤ የውኃው ጠብታ ገና አልደረቀም። የኮቱን ቁልፎች ሲቆልፉ ጣቶቻቸው ብዙ ታገሉ፤ እሷ ልትረዳቸው እጇን አነሣችና መልሳ አወረደችው። ደንበኛ ሲመጣ ኮት ሳይለብሱ ወጥተው አያውቁም ነበር። የመጨረሻዋን ቁልፍ ቆልፈው ሲጨርሱ ወንበሩን ወደ ስልኩ አዙረው ተቀመጡ።

«ጻፊ» አሉ።

ስማቸውን ከነአባታቸው፣ ከነአያታቸው፣ ቀስ ብለው ነገሯት። ቀጥለው ሱቃቸው የነበረበትን መንገድ ነገሯት፤ በሩ ምን ዓይነት ቀለም እንደነበረ፣ ባለትኬቷ ስትመጣ የት ትቀመጥ እንደነበር። እሷ አንዲት ፊደል ሳታስቀር ጻፈች። ላኪ የሚለው ምልክት ላይ ስትደርስ ጣቷ እንደ ልማዷ ቆመ፤ ከዚያ ተጫነችው።

«ላክሽው?»

«ልኬዋለሁ አባባ።»

አባቷ ኮታቸውን እንደቆለፉ፣ ስልኩን ፊት ለፊታቸው አስቀምጠው መልሱን መጠበቅ ጀመሩ።